ማርጋሬት በርቢጅ እና ጋላክሲን የመመዘን ሥራ

ጋላክሲ ስንት ይመዝናል? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን ብዙ ሰው አድክሟል። የሚመዘነው ነገር፣ ይህ የቢሊዮኖች ከዋክብት ስብስብ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ርቆ ይገኛል። ልንጠጋው አንችልም። ሲንቀሳቀስ እንኳ ልናየው አንችልም፤ ዕድሜ ልካችንን ብናፈጥበት ባለበት የቆመ ነው የሚመስለን። በእጃችን ያለው ከእሱ ተነስቶ እዚህ የሚደርሰው ደካማ ብርሃን ብቻ ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሥራዬ ብላ የያዘች አንዲት እንግሊዛዊት ነበረች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ማርጋሬት በርቢጅ ትባላለች። ከባለቤቷ ከጄፍሪ በርቢጅና ከኬቨን ፕሬንደርጋስት ጋር ሆና ጋላክሲዎችን አንድ በአንድ እያነሳች መዘነች። ጽሑፎቻቸው ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። አቀራረባቸው ብዙም አይለያይም። የጋላክሲው ፎቶ፣ ብርሃኑ የተወሰደበት አቅጣጫ፣ ረጅም የፍጥነት ሰንጠረዥ፣ አንድ ግራፍ፣ መጨረሻ ላይ ክብደቱ። ማስጌጫ የላቸውም። እኔ ፊዚክስ ተምሬ በሌላ ሙያ የምኖር ሰው ነኝ። ማታ ማታ እነዚህን ጽሑፎች ሳገላብጥ ግን እንቅልፌ ይጠፋል።

ማርጋሬት ያረፈችው ኤፕሪል 5 ቀን 2020 ነው፣ በሳን ፍራንሲስኮ፣ በ100 ዓመቷ። ያን ጊዜ ስለ እሷ የወጣውን ብዙ አነበብኩ። አብዛኛው የሚተርከው ስለተዘጉባት በሮች ነው። ሴት በመሆኗ ቴሌስኮፕ ተከለከለች፣ ማዕረግ ተነፈገች ይላል። እውነት ነው፤ እኔም እዚህ እጽፈዋለሁ። ግን ይህች ሴት ገብታ ምን እንደሠራች ሳይነገር ጽሑፉ ያልቃል። ይሄ ይቆጨኛል። በሩን ያንኳኳችው እኮ ውስጥ የምትፈልገው ነገር ስለነበረ ነው።

የተወለደችው ኦገስት 12 ቀን 1919 በስቶክፖርት ነው፣ ማንቸስተር አጠገብ። የአባቷ ስም ፒቺ ነው፤ በርቢጅ የባሏ ነው። አባትና እናቷ ሁለቱም ኬሚስትሪ የተማሩ ነበሩ። አባቷ መምህር፣ እናቷ ደግሞ ከተማሪዎቹ አንዷ ነበረች። ማርጋሬት ገና ሕፃን ሳለች ቤተሰቡ ወደ ለንደን መጣ።

ከዋክብትን በደንብ ያየችው አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። ቤተሰቡ ለእረፍት ወደ ፈረንሳይ ሲሻገር በሌሊት መርከብ ተሳፈረ። ባሕሩ ሕፃኗን አመማት። ሕመሙን እንድትረሳው ብለው በመርከቡ መስኮት ሰማዩን አሳዩዋት። ለንደን በጭስ የታፈነች ከተማ ነበረች። እንዲህ የጠራ ሰማይ፣ እንዲህ የበዛ ኮከብ ከዚያ በፊት አላየችም።

ሌላው የምትወደው ነገር ትልልቅ ቁጥር ነው። ዜሮ እየደረደሩ መጻፍ ደስ ይላት ነበር። ከፍ ስትል አያቷ የጄምስ ጂንስን የስነ ፈለክ መጻሕፍት ሰጧት። እዚያ ውስጥ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ስንት ማይል እንደሚርቅ ተጽፏል። 26 ተብሎ አሥራ ሁለት ዜሮ ይከተላል። ከዋክብትና ትልልቅ ቁጥሮች፣ ሁለቱ የምትወዳቸው ነገሮች፣ እዚያ ገጽ ላይ ተገናኙ። በቃ፣ ሕይወቷን የምታሳልፍበትን ነገር አገኘችው።

የመጀመሪያ ዲግሪዋን ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ስትይዝ 1939 ነበር። ጦርነቱ የጀመረበት ዓመት። ወንዶቹ ወደ ጦርነት ሥራ ሲሄዱ በሰሜን ለንደን ሚል ሂል ላይ ያለው የዩኒቨርሲቲው ኦብዘርቫቶሪ፣ የከዋክብት መመልከቻው ጣቢያ፣ ለእሷ ሰፊ ሆነ። የጀርመን አውሮፕላን ዒላማ እንዳያገኝ የከተማው መብራት ሁሉ ማታ ማታ ይጠፋል። ለንደን ላይ ሰማይ የሚታየው በዚያ ክፉ ጊዜ ነበር። ማርጋሬት በዚያ ጨለማ ተጠቅማ ጋማ ካሲዮፔያ የሚባለውን ኮከብ ብርሃን እያጠናች በ1943 ዶክትሬቷን ያዘች።

በ1944 በጋ የሆነውን ሁሌ አስታውሰዋለሁ። አብራሪ የሌላቸው የጀርመን ቦምቦች ለንደን ላይ የሚዘንቡበት ወቅት ነው። ማርጋሬት ቴሌስኮፑን ያንኑ ኮከብ ላይ አነጣጥራ ብርሃኑ የሚቀረጽበትን የፎቶ መስታወት ከፍታ ትጠብቃለች። አንድ ቦምብ በቅርብ ፈነዳ። ፍንዳታው ቴሌስኮፑን አናውጦት ኮከቡ ከእይታዋ ወጣ። ፈልጋ መለሰችው። መስታወቱንም ሳትቀይር ሥራዋን ቀጠለች። ይህን ያነበብኩ ጊዜ ድፍረቷ ነበር ያስገረመኝ። በኋላ ቴክሳስ ላይ የሠራችውን ሳይ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ይህች ሴት የያዘችውን ብርሃን አትለቅም።

በ1945 ወደ አሜሪካ ለመሄድ አመለከተች። የካርኔጊ የምርምር ስኮላርሺፕ ነበር፤ የሚያገኝ ሰው ካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ላይ ባሉት ትልልቅ ቴሌስኮፖች ይሠራል። መልሱ አጭር ነው። ማውንት ዊልሰን ላይ የሚሠሩት ወንዶች ብቻ ስለሆኑ ዕድሉም ለወንዶች ብቻ ነው ተባለች። እሷ ስለ እንዲህ ዓይነት ጊዜ ስትናገር፣ ግድግዳ ከገጠመህ የሚዞርበትን መንገድ ፈልግ ትል ነበር።

የሚዞርበት መንገድ አሥር ዓመት ፈጀ። በ1948 ጄፍሪ በርቢጅን አገባች። እሱ የፊዚክስ ሰው ነው፤ ወደ ስነ ፈለክ የመጣው በእሷ ነው። እሷ ዝምተኛ፣ እሱ ተከራካሪ፤ እሷ ቴሌስኮፕ ላይ፣ እሱ ወረቀት ላይ። አብረው አሜሪካ ሄዱ፣ አብረው ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ካምብሪጅ ተመለሱ። በ1955 ያው የካርኔጊ ስኮላርሺፕ ለጄፍሪ ተሰጠ። ማርጋሬት ደግሞ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና ከተማ፣ ካልቴክ በሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ሥራ አገኘች። ማውንት ዊልሰን የወጣችው የባሏ ረዳት ተብላ ነው። ተመራማሪዎቹ የሚያድሩበት ቤት ለሴት አይፈቀድም፤ ስለዚህ ሁለቱ ለብቻው በተለየች ትንሽ ጎጆ ሆኑ፣ ምግባቸውንም ራሳቸው ይዘው። ሌሊት ቴሌስኮፑ ላይ የምትሠራው ግን ረዳት የተባለችው ነበረች። ጄፍሪ ጨለማ ክፍል ገብቶ የፎቶ መስታወት ያጥባል።

ከዚያ ዘመን የወጣው ሥራ ስማቸውን በዓለም አስጠራ። በ1957 ሁለቱ በርቢጆች፣ ዊልያም ፋውለርና ፍሬድ ሆይል ከ100 ገጽ በላይ የሆነ ጽሑፍ አወጡ። ርዕሱ በአጭሩ ንጥረ ነገሮች በከዋክብት ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠሩ ነው። ካርቦን፣ ኦክስጅን፣ ብረት፣ ወርቅ፣ ዩራኒየም ከየት መጣ ለሚለው ስምንት የኑክሌር መንገዶችን ዘርዝረው መልስ ሰጡ። ከዘረዘሯቸው መካከል የአንዳንዶቹ ስም እስከ ዛሬ አልተቀየረም።

የማርጋሬት ድርሻ ማስረጃው ነበር። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1952፣ ፖል ሜሪል የሚባል ተመራማሪ በአንዳንድ ቀይ ግዙፍ ከዋክብት ውስጥ ቴክኒሺየም አገኘ። ቴክኒሺየም የማይቆይ ንጥረ ነገር ነው። ረጅም ዕድሜ ያለው ዓይነት እንኳ በአራት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ግማሹ ይጠፋል። ከዋክብቱ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያረጁ ናቸው። ስለዚህ እዚያው ውስጥ ተሠርቶ ካልሆነ በቀር ሊኖር አይችልም። ማርጋሬት እንዲህ ዓይነት እንግዳ ከዋክብትን እየፈለገች ብርሃናቸውን በዝርዝር አነበበች፤ የትኛው ንጥረ ነገር በዝቷል፣ የትኛው አንሷል እያለች። የፋውለር የላቦራቶሪ ቁጥሮችና የሆይል ስሌት የሚመሳከሩት እሷ ባመጣችው ዝርዝር ነው። በ1983 ኖቤል ለፋውለር ሲሰጥ ሦስቱ አልተጨመሩም። ይህ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በተለይ ስለ ሆይል ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ማርጋሬት ግን ያን ያህል አልተጻፈም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ለእኔ ግን የልብ የሚያደርሰው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ወደ ጋላክሲዎቹ የዞረችው ያኔ ነው።

በ1957 ወደ ይርክስ ኦብዘርቫቶሪ ሄዱ፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ባልና ሚስት አንድ ቦታ መምህር ሆነው መቀጠር አይችሉም የሚል ደንብ ነበር። ደንቡ የሚመታው ሁሌም ሚስትን ነው። ጄፍሪ መምህር ሲሆን እሷ በተመራማሪነት ዝቅ ብላ ተቀጠረች። ነገር ግን ከይርክስ ጋር አንድ ትልቅ ነገር አብሮ መጣ። ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ፣ ከከተማ በራቁ ደረቅ ተራሮች ላይ፣ የማክዶናልድ ኦብዘርቫቶሪ አለ። መስታወቱ 2.1 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ነው። በ1939 ሲመረቅ በትልቅነት ከዓለም ሁለተኛ ነበር። እዚህ ማርጋሬትን ረዳት ነሽ የሚላት አልነበረም።

ዘዴው እንዲህ ነው። ጋላክሲ ሲሽከረከር አንዱ ጎኑ ወደ እኛ ይመጣል፣ ሌላው ከእኛ ይሸሻል። የሚመጣው ብርሃን ትንሽ ወደ ሰማያዊ፣ የሚሸሸው ትንሽ ወደ ቀይ ያዘነብላል። ጋላክሲው በጠቅላላ የሚሸሽበት ፍጥነት ሲቀነስ የሚቀረው ሽክርክሪቱ ነው። ብርሃኑ በየቀለሙ ሲበተን፣ በጋላክሲው ውስጥ የጋለ ሃይድሮጅን የሚያወጣው አንድ የታወቀ ቀይ መስመር አለ፤ የሞገዱ ርዝመት 6563 አንግስትሮም ነው። አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው። ጋዙ በሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ቢሸሽ መስመሩ የሚነቃነቀው በ4.4 አንግስትሮም ገደማ ብቻ ነው። ይህ ፎቶ መስታወቱ ላይ ሲወጣ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይለይም።

ፍጥነቱ ከታወቀ ክብደቱ ይመጣል። ወንጭፍ ያዞረ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ድንጋዩ በፈጠነ ቁጥር ጠበቅ አድርጎ መያዝ ግድ ነው። ጋላክሲ ላይ ያንን የሚይዘው ስበት ነው፣ ስበቱ ደግሞ ከውስጥ ካለው ክብደት ይመጣል። ከመሃሉ በእኩል ርቀት ላይ ያለ ጋዝ ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ በውስጥ ያለው ክብደት አራት እጥፍ ነው ማለት ነው። እንዲህ ሲሰላ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ፀሐዮች ክብደት ይወጣል።

ሲጻፍ ቀላል ነው። ሌሊቱ ግን እንዲህ ነው። የቴሌስኮፕ ጉልላት አይሞቅም፤ ሞቃት አየር ምስሉን ስለሚያርገበግበው ውስጡ እንደ ውጪው መብረድ አለበት። ተራራ ላይ፣ ክረምት ላይ። የጋላክሲው ብርሃን በቀጭን ስንጥቅ በኩል ብርሃንን በየቀለሙ ወደሚበትነው መሣሪያ፣ ወደ ስፔክትሮግራፉ ይገባል። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ አንዱ የፎቶ መስታወት ለሰዓታት ተከፍቶ ይቆያል። ምድር ትዞራለች፣ የቴሌስኮፑ ሞተርም ይከተላል። ሞተር ግን ሁሌም ትንሽ ይስታል። ያንን የምታርመው ዓይኗን ከማጉያው ሳታነሳ የምትቆመው ሴት ናት። የጋላክሲው እምብርት ከስንጥቁ ፈቀቅ ሲል ትመልሰዋለች፤ እንደገና ፈቀቅ ይላል፤ እንደገና ትመልሰዋለች። እንቅልፍ ካሸነፋት የሌሊቱ ድካም ከንቱ ነው። ጠዋት መስታወቱ ይታጠባል። ከዚያ ስንጥቁን በሌላ አቅጣጫ አዙሮ ያንኑ ጋላክሲ እንደገና።

ከመዘነቻቸው አንዱ ኤንጂሲ 5055 ነው፤ የሱፍ አበባ ጋላክሲ ይሉታል። ወደ 30 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በነገራችን ላይ ከኢትዮጵያም ይታያል። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ይገኛል። አነስ ያለ ቴሌስኮፕ ያላችሁ ከከተማ መብራት ራቅ ብላችሁ ሞክሩት፤ ደብዘዝ ያለች ሞላላ ጉም ሆና ትታያለች።

ለፍጥነት ብላ የወሰደችው ብርሃን ሌላም ነገር ያዘ። ከሃይድሮጅኑ ቀይ መስመር አጠገብ የናይትሮጅን መስመር አለ። በተለመደው የከዋክብት መፈጠሪያ ደመና ውስጥ ናይትሮጅኑ ከሃይድሮጅኑ ይደክማል። በአንዳንድ ጋላክሲዎች እምብርት ውስጥ ግን ተገልብጦ ናይትሮጅኑ በርትቶ አገኙት። ዛሬ የጋላክሲ እምብርት ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ለመለየት የእነዚህ ሁለት መስመሮች ንጽጽር የዕለት ተዕለት መሣሪያ ነው።

አሁን ወደሚያስቆጨኝም ወደሚያስደስተኝም ቦታ ደረስኩ። በፀሐይ ዙሪያ ከሚዞሩት ፕላኔቶች ቅርቡ ይፈጥናል፣ ሩቁ ይዘገያል። ሜርኩሪ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር፣ ኔፕቱን 5.4። ክብደቱ ሁሉ መሃል ላይ ስለሆነ ነው። ጋላክሲም ከብሩህ ክፍሉ ውጪ እንዲሁ መዘግየት ነበረበት። የማርጋሬትና የባልደረቦቿ ግራፎች የሚያልቁት ግን ደማቁ ጋዝ በሚያልቅበት ቦታ ነው። መሣሪያው ከዚያ በላይ አያይም። ከዚያ ወዲያ ፍጥነቱ ይወርዳል ብለው በስሌት ቀጠሉት። ያን ጊዜ ሌላ የሚያስጠረጥር ነገር አልነበረም፤ ማንም ቢሆን እንደዚያ ያደርግ ነበር።

በ1963 አንዲት ወጣት አሜሪካዊት ሳን ዲዬጎ መጥታ አንድ ዓመት አብራቸው ሠራች። በርቢጆቹ በ1962 ወደዚያ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ተዛውረው ነበር። ወጣቷ የአራት ልጆች እናት ናት። ዶክትሬት ቢኖራትም ሐሳቧን ከቁም ነገር የሚቆጥርላት አላገኘችም። በርቢጆቹ ግን ምን እንደምታስብ ይጠይቋታል። እውነተኛ የስነ ፈለክ ሰው የሆንኩ የመሰለኝ ያን ጊዜ ነው ብላ በኋላ ተናግራለች። የጋላክሲን ሽክርክሪት የመለካት ሥራ አብራቸው ሠራች፣ አብራቸውም ጻፈች። ቬራ ሩቢን ናት።

ሩቢን ከኬንት ፎርድ ጋር ሆና፣ ደካማ ብርሃንን በሚያጎላ አዲስ መሣሪያ፣ በ1970 የአንድሮሜዳን ሽክርክሪት እስከ ዳር ለካች። በ1980 ደግሞ የሌሎች 21 ጋላክሲዎችን ውጤት አወጡ። ፍጥነቱ አልወረደም። ከዳር እስከ ዳር ያው ነው። የማይታይ ከባድ ነገር ጋላክሲውን ከቦታል ማለት ነው፤ ዛሬ ጥቁር ቁስ የምንለው። የተማርኩበት መጽሐፍ ይህን ምዕራፍ በሩቢን ይጀምራል። የቴክሳስን ሌሊቶች አያነሳም። የሩቢን ክብር የሩቢን ነው፣ ከእሱ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም። ግን ሩቢን ለአንድ ዓመት አብራት የሠራችው ማን ነበረች ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልስ ማግኘት አለበት።

ማርጋሬት እስከዚያ ወደ ሌላ ዞራለች። በ1963 ማርተን ሽሚት ኮከብ የሚመስለው 3ሲ 273 እጅግ ሩቅና እጅግ ብሩህ ነገር መሆኑን አወቀ። ኳሳር ተባለ። ማርጋሬት በሊክ ኦብዘርቫቶሪ 3 ሜትር ቴሌስኮፕ ኳሳሮችን ማሳደድ ጀመረች። በ1967 ከጄፍሪ ጋር ስለ እነሱ መጽሐፍ አወጡ። ጄፍሪ ቢግ ባንግን፣ ዩኒቨርስ ከታላቅ ፍንዳታ ጀመረ የሚለውን ሐሳብ፣ አልተቀበለም፣ እስኪሞት ተከራከረ። እሷም አንዳንድ ኳሳሮች እንደሚባለው ሩቅ ላይሆኑ ይችላሉ የሚል ጥርጣሬ ነበራት። በቅርብ ካሉ ጋላክሲዎች ጋር ተጠግተው የሚታዩትን እየፈለገች ትለካለች። እኔ በዚህ ነገር ከእነሱ ጋር አልስማማም፤ ማስረጃው ሌላ ወገን ላይ ነው። ግን የእሷን ልኬት የተቃወማትም ይጠቀምበት ነበር። የማይጥማትን ቁጥር አትደብቅም፣ የሚጥማትንም አታጋንንም። ለእኔ ይህ ከማሸነፍ ይበልጣል።

በ1972 አገሯ ጠራቻት። ከ1675 ጀምሮ ያለው የግሪንች ኦብዘርቫቶሪ ዳይሬክተር ሆነች፣ የመጀመሪያዋ ሴት። ተቋሙ ያን ጊዜ ግሪንች ላይ አልነበረም፤ ሰሴክስ ውስጥ ወዳለው ወደ ኸርስትሞንሱ ቤተ መንግሥት ተዛውሯል። ወደ 300 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ዳይሬክተሩ የንግሥናው የስነ ፈለክ ሊቅ የሚለውን ማዕረግ አብሮ ይይዝ ነበር። እሷ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ተለያዩ። ማዕረጉ ለማርቲን ራይል ተሰጠ። ሴት ስለሆነች ነው ወይስ የተቋሙን ጉልበት ለመቀነስ? ራሷም አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን ብላለች።

ከማዕረጉ ይልቅ ያቃጠላት የሚመስለኝ ቴሌስኮፑ ነው። በአይዛክ ኒውተን ስም የተሰየመው ትልቅ ቴሌስኮፕ በ1967 የተተከለው እዚያው ሰሴክስ ነው፣ ደመና በማይጠፋበት፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ባላለ ሜዳ ላይ። ቴክሳስ ተራራ ላይ የሠራ ሰው ይህን አይቶ ዝም ማለት አይችልም። የጠራ ሰማይ ወዳለበት ይሂድ አለች። ብዙ ሰው ተቀየማት። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላት ሥራውን ለቃ ወደ ሳን ዲዬጎ ተመለሰች። ቴሌስኮፑ ከዚያ በኋላ ተነቅሎ ወደ ካናሪ ደሴቶች፣ ላ ፓልማ ተራራ ላይ ሄደ። አሁንም እዚያ ይሠራል።

በእነዚሁ ዓመታት የአሜሪካ የስነ ፈለክ ማኅበር ለሴቶች ብቻ የሚሰጥ ሽልማት ሊሰጣት ፈለገ። አልቀበልም አለች። ሴትን ለይቶ የሚጎዳ ነገር መቅረት ካለበት ለይቶ የሚጠቅማትም ይቅር ብላ ጻፈች። ከተናገረችው ሁሉ እኔ የምወደው ይህንን ነው። ደብዳቤው ማኅበሩ የሴት ተመራማሪዎችን ሁኔታ እንዲያጠና ገፋው። በ1976 ደግሞ የዚያው ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች፤ እዚያም የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። የሴቶችን እኩልነት የሚደነግገውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያላጸደቁ ግዛቶች ውስጥ ማኅበሩ ስብሰባ እንዳያደርግ ያስወሰነችው በእሷ ጊዜ ነው።

ከዚያ ሐብል መጣ። የጠፈር ቴሌስኮፑ በ1990 ሲላክ ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ ደካማ ብርሃንን የሚተነትን ስፔክትሮግራፍ ነው። ለዓመታት ከደከሙበት ተመራማሪዎች አንዷ ማርጋሬት ናት። ዋናው መስታወት ሲሞረድ ስህተት ስለነበረበት ምስሉ ደበዘዘ፤ በ1993 መጨረሻ ጠፈርተኞች ወጥተው አስተካከሉት። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1994፣ መሣሪያው ኤም 87 የሚባለው ግዙፍ ጋላክሲ እምብርት ላይ ተነጣጠረ። ኤም 87 ከእኛ 50 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ከመሃሉ 60 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚዞረውን ጋዝ በሁለት ጎን ለኩት። አንዱ ጎን ይመጣል፣ ሌላው ይሸሻል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲሰላ በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ የታጨቀው ከ2 ቢሊዮን ፀሐይ ይበልጣል። ከጥቁር ጉድጓድ ሌላ ይህን ሊሆን የሚችል ነገር አልተገኘም።

ማርጋሬት ያን ጊዜ 74 ዓመቷ ነበር። የጋላክሲ ሽክርክሪት ወደ ዳር ሲለካ ጥቁር ቁስን አሳየ፣ ወደ መሃል ሲለካ ጥቁር ጉድጓድን። በዳሩ በኩል ሩቢን ከእሷ ዘንድ ሠርታ አልፋለች። በመሃሉ በኩል መሣሪያው ላይ እጇ አለበት።

ስፔክትሮግራፉ በ1997 መጀመሪያ ላይ ወርዶ በሌላ ተተካ። አዲሱ ረጅም ስንጥቅ አለው፣ ማክዶናልድ ላይ እንደነበረው። በዚያው ዓመት ስንጥቁን ኤም 84 የሚባል ጋላክሲ መሃል ላይ አሳለፉት። መስመሩ እምብርቱ ጋ ሲደርስ ድንገት ወደ አንድ ወገን ታጠፈ፣ ወዲያው ወደ ሌላው። የሚዞረው ጋዝ ፍጥነት በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ሆነ። መስመሩ የት ላይ እንደታጠፈ ታነባለህ፣ ፍጥነቱን ታወጣለህ፣ ክብደቱን ታሰላለህ። እነ ማርጋሬት በ1959 ያደረጉት ይህንኑ ነው።